እትዬ ዘርፉ ደግ የሆኑ ዕለት

ከተማን የሚያስተዳድረው የአውራጃ አስተዳዳሪ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በደርግ ዘመን ስልክ ደውሎ አያውቅም ማለት ነው። ከተማን የሚያስተዳድሩት ስልክ ቤት ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጡት ሴትዮ ናቸው። ሞጆም አንዲት ነበረቻት፣ መቂም ነበረቻት፣ አሰላም ነበረቻት። እንዲህ ያለች ሴት ያልነበረችበት ከተማ ካለ ስልክም አልነበረውም። የእኛ የናዝሬቷ ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ፤ ክብርት ወይዘሮ ዘርፉ፣ የገመዶች ሁሉ እመቤት፣ የሦስት ደቂቃ ዘበኛ። ከተማው ፊት ለፊታቸው እትዬ ዘርፉ ይላቸው ነበር። ከኋላቸው የሚላቸውን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ዘመን ላላየ ላስረዳ። ከናዝሬት ውጭ ስልክ መደወል ማለት ማመልከቻ ማስገባት ማለት ነበር። ስልኩን ታነሳለህ፤ እትዬ ዘርፉ «ናዝሬት!» ይሉሃል፤ የምትፈልገውን አገር ትናገራለህ፤ እሳቸው ደግሞ ይገባህ እንደሆነ ያስባሉ። ፊት ለፊታቸው ቀዳዳ የበዛበት ትልቅ ሰሌዳ አለ። ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ሲሰኩ ሰው ከሰው ይገናኛል። ችግሩ ወደ ዝዋይ የሚወስደው መስመር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የዓሣ ነጋዴው፣ የቲማቲም እርሻው፣ የቆቃው፣ የአዳሚ ቱሉው፣ ሁሉም በዚያች በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ይጋፋል። ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

መሥሪያ ቤቱ እንኳ የተራ ሕግ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎላቸው ነበር፤ መንግሥታዊ ይቀድማል፣ አስቸኳይ ይከተላል፣ ተራው ይጠብቃል ይላል። እትዬ ዘርፉ በሕጉ ላይ ኮታቸውን ይሰቅሉበታል። የእሳቸው ሕግ ሌላ ነው። ምጥ ይቀድማል። ከምጥ ቀጥሎ ሕመም፣ ከሕመም ቀጥሎ መንገድ ላይ የተሰበረ መኪና። መንግሥት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጋዴ ከመንግሥት በኋላ፤ ፍቅረኛ ደግሞ «እናንተ እንደሆናችሁ ጊዜ አላችሁ» ተብሎ ከሁሉም በኋላ። አንድ ቀን አንድ ካድሬ በጆሮዬ እየሰማሁት፣ «ጓድ ዘርፉ፣ መስመሩን አሁኑኑ አስለቅቂልኝ!» ብሎ አምባረቀባቸው።

«ጓድ» አሉት ቀና ሳይሉ፣ «አዳሚ ቱሉ ላይ ልጅ እየተወለደ ነው። እሱም የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነው። ይጠብቁ።»

ካድሬውም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ጠበቀ።

መስመሩ መቂ ላይ ሲበጠስ ደግሞ ጉዱ ይበዛል። እትዬ ዘርፉ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ በአሰላ ወስደው፣ በሻሸመኔ አዙረው፣ ከበስተኋላ ዝዋይ ያስገቡሃል። «ዞሮ ነው የመጣው፤ ድምፅህን መንገድ አድክሞታል፤ ቀስ ብለህ ተናገር» ይሉሃል። ያም ካልተሰማ ራሳቸው ተቀብለው ያስተላልፋሉ። ሲያስተላልፉ ግን እንደ ታማኝ መልእክተኛ አይደለም። እኔ የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው፤ አንድ ጊዜ የጠፋ የትራክተር ጎማ ፍለጋ ዝዋይ ደወልኩና «ጎማው መቼ ይመጣል?» አልኩ። እትዬ ዘርፉ ወዲያ ማዶ፣ «ጎማው መቼ ይመጣል ይላል፤ እኔም መቼ ይመጣል እላለሁ፤ ይኼ ሰው አሰልችቶኛል» ብለው አስተላለፉት። ጎማው ግን በማግሥቱ መጣ።

ሰላምታን በተመለከተማ አይነሳ። የእኛ አገር ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ነገሩ አይገባም። ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ ሲባባል የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ያልቅና ገመዱ ይነቀላል፤ ሰውየው የደወለበትን ሳይናገር ይቀራል። እትዬ ዘርፉ መላ ዘየዱ፤ ሰላምታውን ጠቅልለው ወሰዱት። መስመሩ ገና ሲገባ፣ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ዝዋይ ዘንቧል፣ ናዝሬት አልዘነበም፤ እግዜር ይመስገን ተባብላችኋል፤ በሉ ቀጥሉ!» ይላሉ። ደዋዩ ሙስሊም ከሆነ «አልሐምዱሊላህ ተባብላችኋል» ይሆናል። በዚህ ዘዴ አንዲቷ መስመር የሁለት መስመር ሥራ ትሠራ እንደነበር አልክድም። መቂ ያሉት አክስቴ ግን «ይኼ ልጅ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም» እንዳሉ ሞቱ።

በእኔ ላይ ደግሞ የተለየ ፍርድ ነበራቸው፤ ጥፋቱ የስሜ ነው። ዘገዬ እባላለሁ። ቶሎ ያገናኙኝ ባልኩ ቁጥር፣ «ስምህ ዘገዬ ሆኖ ምን ያስቸኩልሃል?» ይሉኛል። አግዳሚ ወንበሩ በሙሉ ይስቃል። ትናንት የሳቀው ዛሬም ይስቃል፤ በአንድ ቀልድ ይህን ያህል ዘመን የሳቀ ሕዝብ አላየሁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቁጣና ግልምጫ ከተማውን ያስመረረው ቢመስልም፣ አንድ ቀን የጎደለ እንደሆነ ነው ጉድ የሚፈላው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው በጠዋት፣ ከቤቱ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞት ነው የሚረዳው። ይህን ደንብ ስልክ የሚያውቀው አይደለም፤ እትዬ ዘርፉ ግን ያውቁታል። ሻሸመኔ ላይ አንዱ ተጨንቆ «ለእገሌ ወንድሙ ሞተ በሉልኝ» ብሎ ሲደውል፣ እገሌን አያገናኙትም። መስመሩን ወደ ዕድሩ ዳኛ ወይም ወደ ጎረቤቱ ያዞሩታል። እገሌ ራሱ ቢደውል «ተይዟል» ይሉታል። ሴትየዋ ግን ሆዳቸው አይችልም፤ የሞተበትን ሰው ሲያነጋግሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ከተማው ይህን ደረሰበት። ከዚያ ወዲያ የእትዬ ዘርፉን ደግ ቃል የሚፈራውን ያህል ማዕበል የሚፈራ የለም።

የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ራህመቶ ነገር በዚህ የመጣ ነው። አንድ ቀን እትዬ ዘርፉ ልጃቸው ማትሪክ ማለፏን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። አቶ ራህመቶ ምስኪን ይህን አያውቅም፤ አሰላ ያለ ወንድሙን ፈልጎ ደወለ። «እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ አገናኝዎታለሁ» አሉት። ስልኩ ከእጁ ወደቀ። «ጌታዬ አለችኝ! ወንድሜ ሞቷል ማለት ነው!» ብሎ ሱቁን ዘጋ። ሚስቱ ሰሊማ እሪ አለች፤ ጎረቤት ምንጣፍ ተሸክሞ መጣ። ከለቀስተኞቹ አንዱ አሰላ ላለ ዘመዱ፣ «ራህመቶ ቤት ለቅሶ ነው» ብሎ ይደውላል። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ራህመቶ የሞተ መሰለው፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ እያለቀሰ ናዝሬት ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች በር ላይ ሲተያዩ ከመተቃቀፍ በፊት ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ ይባላል።

እትዬ ዘርፉ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማሉ። «ከእንግዲህ ለናዝሬት ሰው ደግ ቃል ከአፌ አይወጣም። አይችልበትም።» ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ለቄሱም፣ ለሼሁም፣ ለካድሬውም አንድ ዓይነት ቁጣ ሆነ። መስመራቸውም ተቃና፤ ከተማው ግን ሰው ለሞተበት መለስለሳቸው አይቀርም ብሎ ማመኑን አልተወም።

ወደ ራሴ ልመለስ። አዳሚ ቱሉ ሐይቅ ዳር መረብ ሲጠግን የኖረው አባቴ በጠና ታመመ። አብሮት ያለው ወንድሜ ንዋይ መልእክት ሰደደልኝ፤ «ሐኪሞቹ ወይ ወደ ሻሸመኔ ወይ ወደ ናዝሬት ይወሰድ ይላሉ። መንገድ ላይ እንዳንተላለፍ ስልክ ቤት ሆነህ ጠብቀኝ» ይላል። ልሂድ እንዳልል አባቴን ሲያመጡት ልተላለፈው ነው። ልቀመጥ እንዳልል አላስቻለኝም። አባቴን በሕይወቱ ልድረስበት አልድረስበት የሚለው ነገር በዚያች በአንዲት መስመር ላይ ተንጠለጠለ፤ መስመሯ ደግሞ በእትዬ ዘርፉ እጅ ናት።

በጠዋት ስልክ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ አልበደሉኝም። ሕመም ነውና ከመንግሥት አስቀደሙኝ። የዝዋይዋን ኦፕሬተር ጠርተው፣ «ፋዲላ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? የዘገዬን ወንድም አስጠሪልኝ፤ ሰው ላኪ፣ ፍጠኚ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ እየጠበቅን ሳለ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳቸው ጮኸ። እትዬ ዘርፉ ማዳመጫውን አጥብቀው ያዙ፤ ጥቂት ሰሙ፤ «እሺ» አሉ፤ ገመዱን ነቀሉ። ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው የተቋጠረ ነው።

«ዝዋይ ነው?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ሞጆ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ጠየቅሁ። «ተይዟል» አሉኝ። እንደገና ጠየቅሁ። «ተይዟል አልኩህ!» ገመዱን ግን እየነቀሉ ሲሰኩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ሲነጋገሩ አያለሁ። ደሜ ፈላ።

«ማነው የያዘው?»

«መንግሥት።»

«ዛሬ ገና መንግሥት ከታማሚ ቀደመ? አባቴ እኮ ነው እትዬ ዘርፉ!»

«አባቴ አባቴ አትበልብኝ!» ብለው ጮኹ። «ያለ አባት የተወለደ አለ? እዚህ ብትገተር መስመሩ አይበዛም። ጆሮዬን በላኸው እኮ! ሂድ ቤትህ፣ እህል ቅመስ፣ ተኛ፤ ነገ ትመጣለህ። ስምህ ዘገዬ ሆኖ ምን ያስቸኩልሃል?»

አባቴ በተጨነቀበት ቀን ይህን ቀልድ መስማት! «እርስዎ ልብ የለዎትም» አልኳቸው።

«የለኝም። ገመድ ነው ያለኝ። ውጣ!»

በሩን በኃይል ወርውሬ ወጣሁ። ግን ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እግሬ ቀለለኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ መሰለች ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ሰደቡኝ።»

«በጣም?»

«እንደዚህ ሰድበውኝ አያውቁም።»

«ተመስገን!» አለችና ራት አቀረበች። ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። የዕድራችን ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊታቸው እትዬ ዘርፉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሽማግሌው «ልብህን ጠንከር አድርግ» ብሎ ሳይጨርስ ገባኝ።

በኋላ ሲነግሩኝ፣ መስመሩ እውነትም ተይዞ ነበር። የያዙት ግን እሳቸው ናቸው። ከሞጆ ነው ያሉኝ ስልክ ንዋይ ነበር፤ አባቴ ረፋዱ ላይ አርፏል። ከዚያ በኋላ ካድሬውንም፣ ነጋዴውንም፣ እርሻውንም አስቁመው ያችን መስመር ለእኛ ቤት ብቻ አዋሏት። ዕድሩን አስጠሩ። ዝዋይን ደጋግመው ጠርተው፣ ዘገዬ ሳይደርስ አፈር እንዳይለብስ አስማሉ። ነዳጅ በራሽን በሚታደልበት በዚያ ጊዜ፣ ዓሣ ጫኝ የሆነውን አብዱናሲርን ከቆቃ አስጠርተው መኪናውን በጠዋት ደጄ አስቆሙልኝ። ይህን ሁሉ ያደረጉት እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ስረግማቸው ነው። አንጎላቸውም ጉሮሯቸውም በሁለት አቅጣጫ ሲሠራ ዋለ፤ በአንዱ መርዶዬን ይሸከማሉ፣ በሌላው ይሰድቡኛል። እኚህን ሴትዮ ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ አናደውኛል፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን የምወዳቸውን ያህል የምወደው ሰው ጥቂት ነው።

ያን ጠዋት ደጃፍ ላይ እንባዬ ሳይመጣ ደርቄ ስቆም፣ እትዬ ዘርፉ ሽማግሌዎቹን አልፈው መጡና ሁለት ትከሻዬን ያዙኝ።

«ማታ እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ።»

«ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ።»

«እንግዲያ አሁን አልቅስ ልጄ» አሉኝ፤ ከእኔ ቀድመውም ጀመሩ።