ደሴት የሚኬደው በስንተኛው ወር ነው?

የድሬዳዋ ሰው ለእረፍት ወደ ሞቃት አገር ሄደ ሲባል፣ ሰሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጥቶ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ዘንድ ላብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ግንቦት ሲገባ አልጋችንን ግቢ አውጥተን የምንተኛ ሰዎች፣ ባሕር ተሻግረን ሌላ ሙቀት ፍለጋ የምንሄድበት ምክንያት ምንድን ነው? የደጋ ሰው ቢሄድ ይፈረድለታል፣ አጥንቱን ያሞቃል። የእኛ አጥንት ግን ከሞቀ ቆይቷል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔ ሄድኩ። ወደ ዛንዚባር፣ ከነሚስቴ። ለምን እንደሄድኩና በየትኛው ወር እንደሄድኩ ልንገራችሁ። በተለይ ወሩ ብዙ ጣጣ አለበት።

መቼም ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነገር ይሠራል፣ ሌላው ነገሩ የሚሠራበትን ጊዜ ይመርጣል። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬም ሌሎች ሰዎች መቼ እንደሚሠሩ መወሰን ነበር። ጠባዩ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ፍራሽ ፀሐይ የሚመታበት ሳምንት፣ ፀጉሬን የምቆረጥበት ቀን፣ ግድግዳ የሚቀባበት ወር፣ ሁሉም በእኔ ቤት ተጠንቶ ነው። ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተቀባም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለቤቴ ፀዳለ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። በተመለሱ ቁጥር ዛጎል ያመጡላታል፤ ከፍ ስትይ ባሕሩን አሳይሻለሁ ይሏታል። እሷ ከፍ አለች፣ እሳቸው ታመሙ፣ ሞቱ። ዛጎሎቹ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቀሩ። እሷም አድጋ አንድ የትራንዚት መሥሪያ ቤት ገባች። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሰነዱ በእጇ ያልፋል፤ ባሕሩ ራሱ ግን አላለፈም። ላገባት ስጠይቃት ወጣት ነበርኩና አፌ አያርፍም፣ ባሕሩን የማሳይሽ እኔ ነኝ አልኳት። እሺ ያለችኝም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ይህ ነው የሚባል መልክ አልነበረኝም።

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

አሁን እናንተ ጅቡቲ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት ልትሉኝ ነው። እሷም ብላኛለች። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ጅቡቲ እሳት ናት። ኅዳር ላይ ልጆች ትምህርት ነበራቸው። ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ሪፖርት አለ። ሰኔ የዓመቱ መዝጊያ ነው፤ የዕቅድ ክፍል ሰው በሰኔ ባሕር ዳር ታየ ቢባል ማን ያምናል? ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡና ሰበቡ ሲያልቅብኝ ደግሞ ደረጃውን ከፍ አደረግሁት። ጅቡቲ መርከብና ኮንቴይነር ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቃል የሚመጥነው ደሴት ነው አልኳት። ደሴት ደግሞ ወቅቱ ሳይጠና አይኬድም።

ፀዳለ ነገር የምታበዛ ሴት አይደለችም። በየዓመቱ ሳስተላልፈው ዝም ትላለች። ባለፈው ክረምት ግን ጉልበቷን ሐኪም አይቶላት መጣች። ሐኪሙ ብዙ ነገር ብሏታል፣ እሷ የነገረችኝ ጥቂቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የቤታችንን አምስት ደረጃ ስትወጣ ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ በየደረጃው ትቆማለች። ደነገጥኩ። ደንግጬም ቢሆን፣ ትንሽ ሻል ሲልሽ፣ ጥሩ ወቅት ጠብቀን፣ እያልኩ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ጉልበቴ ወቅት አይመርጥም» አለችኝ። «በየወሩ ነው የሚብሰው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። ሴትዮዋ በእግሯ ገብታ መቆም ሳያቅታት ባሕሩን ማየት አለባት፤ በቃ። የምንሄደው ደግሞ አንድ ጊዜ ነውና ወቅቱን መሳሳት አይቻልም። አያችሁ? ሰው ደንግጦም ጠባዩን አይለቅም።

ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጥ አብዲ የሚባል ወዳጅ አለኝ። የሚስቱ ወንድም ፋራህ ዛንዚባር ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። አብዲ ዘንድ ሄጄ ደሴቱ የሚያምረው መቼ እንደሆነ ፋራህን ጠይቅልኝ፣ ፀሐይ ያለበት፣ ባሕሩ ጸጥ ያለበት፣ ዝናብ የሌለበት ጊዜ ንገረን በለው አልኩት። አብዲ አቦ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ፣ ባሕር መቼም ባሕር ነው አለኝ። ድሬ ላይ ጋሼ ተብለህም አንተ ነህ፤ በዚህ ሙቀት አንቱታ ማን ይሸከማል? እኔ ግን ጥናት ነበር የፈለግሁት። አብዲ ሳቀብኝና ስልኩን አውጥቶ በሶማሊኛ በድምፅ ላከለት። ፋራህም በሶማሊኛ ረዘም ያለ መልስ መለሰ። አብዲ እያዳመጠ ይተረጉማል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስተኛው ወር እስከ አምስተኛው ወር ዝናብ ነው፣ እንዳትመጡ። ከስድስተኛው ወር እስከ አሥረኛው ወር ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ባሕሩ የተኛ ነው።

ከዚህ የጠራ መረጃ የዕቅድ ሰው ምን ይፈልጋል? ቤቴ ገብቼ የግድግዳውን ካላንደር አወረድኩና መቁጠር ጀመርኩ። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት፣ ኅዳር ሦስት። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ወዲያው ተሰረዙ። ይሄ ደግሞ እኔንም አሳመነኝ፤ በታኅሣሥ ድሬ ራሷ ነፋሻ ናት፣ ማን ጥሏት ይሄዳል? ስድስተኛው የካቲት ሆነ፣ አሥረኛው ሰኔ። ከዳር ዳሩ መሀሉ አስተማማኝ ነው። መሀሉ ሚያዝያ። ሚያዝያን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት፤ ደስ አለኝ፣ ፋብሪካ የተመለስኩ መሰለኝ።

ፀዳለ ከሥራ ስትገባ አስቀምጬ ሙሉ ማብራሪያ ሰጠኋት። ፋራህ ያለውን፣ የቆጠርኩትን፣ መሀሉ ለምን እንደተመረጠ፣ ሁሉንም። ካላንደሩን ተቀብላ ቆይታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው።

«እሺ፣ ሚያዝያ ይሁን» አለች። «ቲኬቱን ዛሬውኑ ቁረጥ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ዕቅዴ ያለ ምንም ማሻሻያ የጸደቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳትቀይረው ብዬ ሮጥኩ። የቲኬት ቢሮዋ ልጅ ሚያዝያ ስላት ቀና ብላ አየችኝና እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። በዚያ ሰሞን ሆቴሎቹ ባዶ ናቸው፣ ክፍሉን አማርጠህ ነው የምትይዘው ብላም ጨመረች። በልቤ ሳቅሁ። ዓለም በሙሉ ያላወቀውን ምስጢር እኔና ፋራህ አወቅነው ማለት ነው። ፀዳለም በበኩሏ ታይዋን ወርዳ የላስቲክ ጫማና ጃንጥላ ገዛች። ለፀሐዩ ነው ብዬ አደነቅኳት። ሌላ ደግሞ አንድ የታሰረ ፌስታል ሻንጣው ሥር ከተተችና እንዳትነካው አለችኝ። የሴት ዕቃ ነው ብዬ ተውኩት።

ፋሲካን ውለን በሳምንቱ ተነሳን። አውሮፕላኑ ዛንዚባር ሲያርፍ ዝናቡ ይወርዳል። ለእንግዳ አቀባበል ነው፣ አሁን ያባራል አልኳት። እዚህ ላይ ስለ ዝናብ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ድሬ ላይ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ልጅ አዋቂው ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ ይሄዳል። የዛንዚባሩ ግን ተከራይ ነበር። ዕቃውን አስገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱም ዘነበ። ሆቴሉ ውስጥ እኔና ፀዳለ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንዲት ድመትና ያዘነልን የሚመስል አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነበርን። ባሕሩ መስኮታችን ፊት ለፊት ነው አሉን። ነው መሰለኝ፤ ሰማዩና ውሃው አንድ ላይ አመድ መስለው የት ጋ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ፀዳለ ወንበር ስባ መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና ያንን አመድ ታያለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ፊቷን ላለማየት የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር አራት ጊዜ አነበብኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስጠብቄ ያሳየኋት ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ለዝናብ ከሆነማ አዲስ አበባ መች አነሰን?

በሦስተኛው ቀን ፋራህ ሊጠይቀን መጣ፤ ፀዳለን መስኮቷ ጋ ትቼ ብቻዬን ወረድኩ። ገና ከደጅ ጃንጥላውን እያራገፈ ይስቃል። የድሬ ልጅ ነውና ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ኖሮም አቦ ማለቱን አልተወም።

«አቦ ጋሼ፣ በስድስተኛው ወር ኑ አላልኩም? ምነው በአራተኛው መጣችሁ?»

ኧረ ስምንተኛው ነው አልኩት። አራተኛው ነው፣ ወላሂ አለኝ። ሁለታችንም ጣታችንን አወጣን። እሱ ከጃንዋሪ ተነሳ፣ እኔ ከመስከረም። ለካ በሶማሊኛ ወሩን በቁጥር ሲጠሩት የሚቆጥሩት የፈረንጁን ኖሯል፤ አብዲም የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተርጉሞልኛል። የፋራህ ስድስተኛ ወር ሰኔያችን አካባቢ ነው። እንዳትመጡ ካላቸው ሦስት ወሮች ደግሞ ዋናውን፣ ዝናቡ የሚብስበትን፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ፋራህ አልተሳሳተም፣ አብዲ አልተሳሳተም፣ እኔም መቁጠሩን አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት አንድ የሚባለው የት ጋ እንደሆነ ብቻ ነው።

ፋራህን ሸኝቼ ደረጃውን ስወጣ በየደረጃው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ፀዳለ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አልኳት። ወሩን ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቃሌን አበላሸሁት አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ከመስኮቱ ሳትዞር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሚያዝያ ካልክበት ቀን ጀምሮ። ሃያ ስምንት ዓመት የጅቡቲ ሰነድ በፈረንጅ ቀን ስጽፍ ኖሬ ስድስተኛ ወር የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል?»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አሁን ዞራ አየችኝ። ብነግርህ ኖሮ ሰኔን ትጠብቅ ነበር፣ ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የዓመት መዝጊያ ነው ትለኝ ነበር አለች። ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ አልኳት።

«አንተ ጡረታ የወጣኸው ከደሞዙ ነው» አለችኝ።

ተነሳችና ሻንጣውን ከፍታ ያንን ፌስታል ፈታችው። ሁለት የላስቲክ የዝናብ ልብሶች ነበሩ። አንዱ በእኔ ልክ ነው፤ ሆዴን ሳይቀር ገምታዋለች። ለካ ሁለት ቀን ዝም ብላ የተቀመጠችው አኩርፋ አይደለም። እኔ ራሴ እስክነግራት እየጠበቀች ኖሯል።

ወጣን። አሸዋው ላይ እጄን ይዛ ቀስ እያለች ሄደች። ውሃው ጋ ስትደርስ እጄን ለቀቀች። በላስቲክ ጫማዋ ገባች፣ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ፣ ከዚያ ጉልበቷ ድረስ፣ እዚያ ቆመች። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ባሕሩ ከታች ይመጣል፣ እሷ መሀል ናት። ሞቅ ያለ ነው፣ ለጉልበቴ ደስ ይላል አለች። ቆይታ ጎንበስ ብላ ከውሃው ውስጥ አንዲት ዛጎል አነሳች፣ ጠርዟ የተሰበረች። ይቺን ያመጣሁት ራሴ ነኝ አለችኝ። አለቀስኩ። ዝናብ ነበረና አልታየብኝም ልላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ግን አየችኝ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቀናት በሙሉ ዘነበ፤ እኛም በየቀኑ ወጣን።

ድሬ ተመልሰን ዛጎሏ ቆርቆሮው ውስጥ ገባች። እኔም ለምስጋና አብዲ ሱቅ ሄድኩ። አብዲ ወሬውን ቀድሞ ከፋራህ ሰምቷልና በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሲበቃው ግን ቁም ነገር ያዘ። እሱም ሚስቱን ወንድሟ ዘንድ ልውሰድሽ እያለ አምስት ዓመት እንዳስጠበቃት ነገረኝ። እና ጋሼ፣ አንተ አይተኸዋል፣ በስንተኛው ወር ልሂድ ይሻላል አለኝ። እንደ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ጥቂት አሰብኩና በአራተኛው አልኩት።

«በማን አቆጣጠር?» አለኝ።

«በሚስትህ» አልኩት።