ጃካራንዳና እንጉዳይ በጋሼ ዘርዓብሩክ ችሎት

መጀመሪያ ያየሁት የጋሼ ዘርዓብሩክ በራ ራስ ላይ የተለጠፈችውን ሐምራዊ አበባ ነው። ቀጥሎ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥታ የሚባል ነገር አላየሁም።

በየምግብ ቤቱ፣ ከተስማሙለት የሚታመም አንድ ሰው አይጠፋም። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የባሕር ማዶው ፌርፋክስ ጎዳና ሊቀ ሙግት እኚሁ ጋሼ ዘርዓብሩክ ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ ይባላል፤ እኔ ያየኋቸው ግን ቆመው ሲከራከሩ ብቻ ነው። ሙቀቱን ብታማርሩ «ሙቀት ጤና ነው» ይላሉ፤ ብታመሰግኑ «ቆዳችሁ ሲላጥ ታዩታላችሁ»።

በዚያ ግንቦት ጠላታቸው በእትዬ ሰርካዲስ ምግብ ቤት ጓሮ ያለው ጃካራንዳ ነበር። እኔ ባየሁት ቁጥር ፈዝዤ እቆማለሁ፤ ቅጠሉ ሳይወጣ ያ ሁሉ አበባ! እሳቸው ግን ከእንጉዳይ ጋር ያወዳድሩታል። ጥር ላይ፣ የዚህ አገር ዝናብ ሲጥል አንድ ተሳፋሪ ከኦክ ዛፎች ሥር የለቀመውን፣ ቻንተሬል የሚባል ቢጫ እንጉዳይ አቅምሷቸው ነበር። እውቀታቸው በሙሉ ያቺ ጉርሻ ናት።

«እንጉዳይ ጨዋ ነው» ይሉኛል። «ዝናብ ሲመጣ ብቅ፣ ድስት ሲመጣ ግብት። ያንተ ዛፍ ግን ታክሲዬን ፓርክ ባደረግኩ ቁጥር ይራገፍብኛል። ሶ፣ አበባው ይበላል?»

«አይበላም።»

«ኦኬ! ጨረስን።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ አያቆሙም?»

«ቦታው ምን አጠፋ?»

አንድ ቀን የሕንፃው ኃላፊ ጌታሁን መጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዛፍ ኮምፕሌይን ያደረጉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ልክ ነዎት፤ ሰኞ እናስቆርጠዋለን።»

እትዬ ሰርካዲስ ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጡ። ጠረጴዛዎቻቸው ሁሉ የተደረደሩት በዛፉ ሥር ነው። «ጥላው ከሄደ በዚህ አገር የሐምሌ ፀሐይ ማን ይቀመጥልኛል?» አሉ።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። አሸንፈዋል፤ የሚሞግታቸው ግን የለም።

«ምኑ ላይ ነው ልክ የሆንኩት?» አሉት ጌታሁንን።

«እንጉዳይ ይሻላል አላሉም?»

«አንተ ልጅ፣ እንጉዳይ ማን ሆነና! የዛፍ ሥር ባይኖር የት ሊበቅል ነው? እንጉዳይ ሥር ተቀምጠህ ምሳ በልተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ኮምፕሌይኑስ?»

«ካንስል አድርገው!»

ጌታሁን ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

«ይባረኩ፣ ጋሼ! እርስዎ ያሉት ነው ልክ!» አሉ እትዬ ሰርካዲስ። እኔም በሙሉ ልቤ ተስማማሁ።

ሁለታችንንም በንቀት አዩን።

«ሁላችሁም ከተስማማችሁ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ታክሲያቸውን እዚያው ዛፉ ሥር ትተው በእግራቸው ወደ ፒኮ ጎዳና አቀኑ። የናፈቅኩት ጸጥታ ጓሮው ላይ ወረደ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ መቻል አቃተኝ።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «እንጉዳይ ግን ይሻላል!»

«የቱ እንጉዳይ?» አሉ፣ ሳይዞሩ፣ እየሄዱ።