የጋሽ መኮንን የእንግሊዝ ከተማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድን አገር ከተወላጁ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ በምኖርበት የፍራንክፈርቱ ኒድ ሰፈር እንዲህ ያሉ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረተኛ መሐንዲስ። ፍራንክፈርት አርባ ዓመት ኖረዋል፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ነው። ንጉሡ ገበያውን እንዴት እንደፈቀዱላት፣ የበግ ተራው የት እንደነበር፣ ሕዝቧ ቁጥብ ቢመስልም ደግ መሆኑን፣ ምኑ ቅጡ! እዚህ ቲማቲም ሲገዙ እንኳ "የእኛ ከተማ ቲማቲም ይሻላል" ይላሉ።

በልጄ ክርስትና ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱን ይዞ መጣ። ጉድ ፈላ! ሴትዮዋ የዚያችው ከተማ ተወላጅ ሆና ተገኘች። ጋሽ መኮንን ሳህናቸውን አስቀምጠው የገዛ አገሯን ታሪክ በጀርመንኛ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሯት።

"እኔ እንኳ ይህን ሁሉ አላውቅም" አለች ተደንቃ። "ስንት ዓመት ኖሩባት?"

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንድ ሐሙስ።"

ለካ ባቡር ሲቀይሩ አንሽሉሱ፣ ማለትም ተከታዩ ባቡር፣ አምልጧቸው ኖሯል፤ ታሪኩን በኋላ ከመጽሐፍ ነው የለቀሙት! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እንግዳዋ ብቻ አልሳቀችም።

"ታዲያ ለምን ወደዷት?"

"አንዲት እንቁላል ሻጭ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ" አሉ። "ከዚያ መልሴን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እዚህ ግን ሳልጨርስ 'ጀርመንኛህ ጥሩ ነው' ይሉኛል።"

ሳቁ ጠፋ። አሥር ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። አፈርሁ።

"ጋሼ፣ ትውልድዎ የት ነው?" አልኋቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "ወንበር ሳብ" አሉ፤ "ረጅም ነው።"