የቀለሃ ሊቅ

ቆቦ ገበያ ወጥታችሁ የቀለሃ ሊቅ ሳታዩ ከተመለሳችሁ፣ ምኑን ገበያ ወጣችሁት? በእኛ አገር የሰው በሽታ የሚያውቅ ሐኪም ብርቅ ነው፤ ጥይት ተተኩሶ የሚቀረውን ባዶ ነሐስ የሚመረምር ግን በየጥጉ አለ።

ወዳጄ ሰይድ አንዱ ነው። ከማሽላ ማሳ የተለቀመ ቀለሃ ሲያመጡለት አፉን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ቂጡን ገልብጦ ያያል፣ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። የገዛ ልጁን ሳል እንኳ እንዲህ አዳምጦ አያውቅም! የተሰነጠቀው ለአንጥረኛ ይሄዳል፤ ደህናው እንደገና ተሞልቶ ይተኮሳል፣ ስለዚህም ውድ ነው።

ባለፈው ከዋጃ በኩል የመጡ አንዲት እናት ከሻርፓቸው ጫፍ አንድ ቀለሃ ፈትተው ሰጡት።

«ልጄ ከወደቀበት ማሳ ያገኘሁት ነው» አሉት።

ሰይድ ጆሮው ቀለሃው ላይ ነበር።

«ማሻአላህ! ምን ያለ ጤነኛ ነው እማማ! ገና አራት አምስቴ ይተኮሳል። ደህና ዋጋ እሰጥዎታለሁ።»

«ገና ይተኮሳል አልከኝ?»

«እንዴታ!»

ቀለሃውን ከእጁ ወስደው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ የሚዛኑን ድንጋይ አንስተው እስኪጠፈጠፍ ቀጠቀጡት። ከዚያ መልሰው ሰጡት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ምን ይሆናል? አበላሹት እኮ! ማንም አይተኩሰውም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ዙሪያውን የቆምነው ሁሉ ከንፈራችንን መጠጥን። ለልጃቸው እንዳይመስላችሁ፤ ለቀለሃው ነው።