ያለ ዕድሜው የወጣው እጅ

ሌሊቱን ውብሸት በሕልሙ ደጁ ላይ ሰልፍ አየ። የተሰለፉት የሠራተኛውን ቁጠባ የሚይዘው የፕሮቪደንት ፈንድ ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከነካራቫታቸው ፀሐይ ይጠብሳቸዋል። የፈትል ማሽን ቀኝ እጁን ከበላው ወዲህ እሱን ደጅ ሲያስጠኑት የከረሙት እነዚሁ ናቸው። ጡረታው ሳይደርስ የቆጠበውን ካወጣ ግማሹ በግብርና በቅጣት ይሄድበታል፤ የሐኪሞች ቦርድ «አካል ጉዳተኛ ነው» ካለ ግን ቅጣቱ ይቀርለታል። ሙሉውን ካገኘ ሱቅ ይከፍታል። ካላገኘ ሚስቱ እታገኝ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳለች።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ገንዘብዎን ይውሰዱልን!» አለ ከፊት የቆመው ኃላፊ።

«ነገ ና» አለው ውብሸት። ቃሉ አፉን ሞላው፤ ጣፈጠው።

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር!»

«እና ዛሬ ነገ ነው እንዴ?»

ወዲያው ግቢው የሐኪሞች ቦርድ ሆነ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት በሬዎች እያመነዠኩ ኃላፊውን መሐል አቆሙት።

«ስንት እጅ አለህ?»

«ሁለት፣ ጌቶቼ። ይኸው።»

«ማሳየትማ ማንም ያሳያል! ከቀበሌ ማስረጃ አምጣ።»

«ሁለት እጅ ይዞ ሳይሠራ በመኖሩ ይቀጣ!» አለ ቀንዱ የተሰበረው በሬ። ኃላፊው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ውብሸት ሊስቅ አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ።

የገባው ቀኝ እጁ ነበር። በጣቶቹ እየተራመደ መጥቶ ወንበር ላይ ወጣ።

«እኔንም ቀጥተውኛል» አለው። «ያለ ዕድሜህ ነው የወጣኸው አሉኝ።»

«ተመለሳ፣ ወንድሜ!»

«ምን ልሠራ? ዕድሜ ልኬን ክር ስታስቀጥለኝ ኖርክ። አንድ ቀን የልጅህን ፀጉር አስዳሰስከኝ? የእታገኝን እጅ ይዤ መንገድ ወጥቼ አውቃለሁ?»

«ጡረታ ስወጣ ብዬ ነው እኮ…»

«እሱማ እኔም ስጠብቅ ነበር።»

ውብሸት ሊይዘው እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ግን የሌለውን ነበር።

እታገኝ ስልኩን እንደያዘች ትከሻውን ነቅንቃ ቀሰቀሰችው።

«ተነስ እንጂ! ከቢሮ ደውለው ነው። ቦርዱ አካል ጉዳተኛ ነው ብሎ ወስኗል፤ ቅጣት የለብህም!»

«እሰይ! ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ፊርማህ ድሮ ከፈረምከው ጋር ካልገጠመ አይከፈልም አሉ። በቀኙ ነበር የሚፈርመው፣ አሁን አይችልም ብላቸው…»

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«አይቸኩል፣ እስኪሻለው እንጠብቃለን አሉኝ።»