የነብር ክለብ ማሽንና ያልታጠበው ማሊያ

የካሙቻንጋ ነብር እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኦገስት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ሙፉሊራ፣ ካሙቻንጋ ሰፈር፣ የክለቡ ዕቃ ቤት (የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት)
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ በ10፡10 ተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. ባሺ ካፕያ (የካፕያ አባት)፦ ሊቀመንበር፣ በጡረታ ላይ ያሉ የማዕድን ፎርማን
2. አቶ ሱንኩቱ፦ ምክትል ሊቀመንበር፣ ባለ መጠጥ ቤት
3. አቶ ቺታሉ፦ አሠልጣኝ
4. ካንግዋ፦ በረኛና የተጫዋቾች ተወካይ
5. መምህር ሙሶንዳ፦ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ባና ንካንዱ (የንካንዱ እናት)፣ የክለቡ ልብስ አጣቢ

ያልተገኙ፦ ገንዘብ ያዡ፣ ንዶላ ከተማ ለቅሶ ሄደው። ምክትል ጸሐፊው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት እንደተለመደው።

በደንቡ መሠረት ከሰባት አባላት አምስቱ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል። ልክ አምስት ስለነበርን፣ አንድ ሰው ሽንት ቤት ቢሄድ ክለቡ ሕጋዊነቱን እንደሚያጣ ሊቀመንበሩ አስጠንቅቀው ስብሰባውን ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ መስኮቱን ስለመክፈት

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። አቶ ሱንኩቱ ገና ከመቀመጣቸው ተነሥተው፣ “ኧረ በእግዚአብሔር! እዚህ ቤት ውስጥ የሞተ ነገር አለ!” በማለታቸው ተይዟል።

አሠልጣኙ ሲመልሱ፣ ሽታው የማሊያው ሽታ መሆኑን፣ ማሽኑ ከተበላሸ ወዲህ ማሊያው ታጥቦ እንደማያውቅ፣ ከዚያ ወዲህ ካደረግናቸው ስምንት ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፈን በአንዱ አቻ መውጣታችንን አስታውሰዋል። አቻ የወጣነውም ካንግዋ በእረፍት ሰዓት ውሃ አናቱ ላይ በማፍሰሱና ማሊያው በመርጠቡ ነው ብለዋል። መስኮቱ ቢከፈት ዕድላችን እንደሚበተን፣ የእሑዱ የፍጻሜ ተጋጣሚያችን የቡቶንዶ ቡድንም ሰላይ ልኮ ሊያሸት እንደሚችል አስረድተዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ መስኮቱ እንደተዘጋ እንዲቆይ በሦስት ለሁለት ተወስኗል። አቶ ሱንኩቱ ውሳኔውን አክብረው ጭንቅላታቸውን በበሩ አውጥተው ቆመዋል። ምልዓተ ጉባኤው ፈርሷል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እግራቸው ውስጥ እስካለ ድረስ እንዳልፈረሰ ሊቀመንበሩ ወስነዋል።

አጀንዳ 2፦ ማሽኑ ይጠገን ወይስ ይለወጥ

ማሽኑን የመረመረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የጽሑፍ አስተያየት ተነቧል። ውሃ የሚያስወጣው ሞተር ተቃጥሏል፣ ቀበቶው ተበጥሷል፣ በሩም ከነውሃው ተቆልፏል። የመጨረሻው መስመር “ይጠገን ካላችሁ ይጠገናል፣ ይጣል ካላችሁም ይጣላል” የሚል ነው። ኮሚቴው ለዚህ ጠቃሚ ምክር ምስጋናውን አቅርቧል።

ሊቀመንበሩ ማሽኑን ለክለቡ ያመጡት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከማሽኑ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍም ግድግዳው ላይ መሰቀሉን ጠቅሰው፣ “ሰው ሲታመም ይታከማል እንጂ ይለወጣል እንዴ?” ሲሉ ጠይቀዋል። አቶ ሱንኩቱ ከበሩ ላይ ሆነው፣ “የሞተ ግን ይቀበራል፣ አባባ። ደግሞ ስለ መለወጥ እርስዎ ባይናገሩ ነው የሚሻለው፣ ሁለት ሚስት ለውጠዋል” ብለዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ከቃለ ጉባኤው ተሰርዟል።

አቶ ሱንኩቱ አዲስ ማሽን ተገዝቶ ለደኅንነቱ ሲባል በመጠጥ ቤታቸው እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። የጠረጴዛ ልብሳቸውም አብሮ ይታጠብ እንደሆነ ካንግዋ ሲጠይቃቸው “ቦታ ካለ” ብለዋል። ስለ ዋጋው ማውራት፣ ገንዘብ ያዡ በሌሉበት ሐሜት ስለሚሆን ታልፏል።

በዚህ ጊዜ ባና ንካንዱ እጃቸውን አወጡ። ድምፅ እንጂ አፍ አልተከለከሉም ተብሎ ተፈቀደላቸው።

እንዲህ አሉ፦ “ዘጠኝ ዓመት በእጄ አጥቤያለሁ። በቡቶንዶ አራት ለባዶ የተሸነፋችሁ ቀን ደጋፊው ደጄ ቆሞ ‘ዕድላችንን አጥባ ደፋችው’ እያለ ዘፈነብኝ። ልጄ ንካንዱ አፍራ አንድ ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከናንተ መጥቶ ‘ተዉ’ ያለ ሰው የለም። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ስትሸነፉ የምትረግጡት እሱን ነው፣ ጎኑን እዩት። ብረት ቢሰደብ ልጅ የለው፣ ጎረቤት የለው። ጠግኑትም ለውጡትም ግድ የለኝም፣ ብቻ ከእሑድ በፊት አንድ ብረት አቁሙልኝ።”

ኮሚቴው የማሽኑን ጎን ተመልክቷል። የጫማ ምልክቶቹ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ናቸው። ጸሐፊውም አንዱን አውቆታል፣ የራሱ ነው፣ አፍሯል።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።
ሀ) ማሽኑ ከፍጻሜው በኋላ እንዲጠገን፤
ለ) ተጠግኖ እንዳለቀ እንዲለወጥ፤
ሐ) ማሊያው እስከ እሑድ ውሃ እንዳይነካው፤
መ) ለዚህም ባና ንካንዱ በኃላፊነት እንዲጠየቁ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ባና ንካንዱ (መ) እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ተደገመላቸው። ከዚያም ማሊያው ታጥቧል አሉ።

አሠልጣኙ መቼ ብለው ሲጮኹ፣ “ሰኞ” አሉ። የትኛው ሰኞ ተብለው ሲጠየቁ፣ “ሁሉም ሰኞ” ብለው መልሰዋል። ማሽኑ በተበላሸ በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ ተከላካዩ ደረቱ በሽፍታ ተሞልቶ እያከከ ስለመጣ፣ አዝነው ሁሉንም በእጃቸው እንዳጠቡ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሳምንት እንዳልዘለሉ አስረዱ። አሠልጣኙ ረቡዕ ረቡዕ ቆሻሻውን ማሊያ ቆጥረው ስለሚረከቡ፣ ባና ንካንዱ ማክሰኞ ማታ ቀይ አፈር እየነሰነሱበት ይመልሱት ነበር።

ካንግዋ ከረጢቱን ፈትቶ አንዱን ማሊያ አሸተተ። “ከአፈሩ በታች ሳሙና ሳሙና ይላል” ሲል መሰከረ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ሽታ ሸትቷቸው እንደማያውቅ፣ ግን ለምደነው ይሆናል ብለው እንዳሰቡም ገለጸ።

እንግዲያው ይህ ሁሉ ሽታ የምንድነው ተብሎ ተጠየቀ። ባና ንካንዱ በአገጫቸው ማሽኑን አመለከቱ። ካንግዋ በሩን በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ ሲከፍተው የሁለት ወር ውሃ በኮሚቴው ጫማ ላይ ፈሰሰ። ውስጡ አንድ የስፖርት ቱታ ተገኘ፣ ፀጉር አብቅሏል። አሠልጣኙ ቱታው የእሳቸው መሆኑን፣ ሌባ ወስዶብኛል ብለውም ጎረቤታቸውን ከሰው እንደነበር አምነዋል።

ስብሰባው በሩጫ ወደ ውጭ፣ ደጅ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተዛወረ። ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ነው የሮጠው።

ትንፋሽ እንደተመለሰ አሠልጣኙ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ዕድላችን በቆሻሻው አልነበረም፣ በባና ንካንዱ እጅ ነበር። ስለዚህ ማሽን የሚባል ነገር ክለቡ ደጃፍ እንዳይደርስ፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው እንዲያጥቡ፣ ሳሙናቸውንም እንዳይለውጡ። አቶ ሱንኩቱ “ይሄ እጅ ወርቅ ነው!” እያሉ አጨበጨቡ። ሐሳቡ በጭብጨባ ሊያልፍ ሲል ባና ንካንዱ ከረጢቱን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

“ያሸነፈው እጄ ከሆነ፣ እሑድ ብትሸነፉስ ማን ነው የተሸነፈው?” ሲሉ ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ ወደ ማንጎው አንጋጠጡ። ፍሬው ገና ነው።

“ተናገሩ እንጂ። ደጄ የሚዘፈነው ለማን ነው?”

ካንግዋ፣ “እማዬ ልክ ናቸው” አለ። “ጎል የሚገባብኝ እኔ፣ የሚሰደቡት እሳቸው። ነውር አይደለም?” ከሰኞ ጀምሮም እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ማሊያ እንዲያጥብ ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ስላልነበሩ ተቃውሞ አልገጠመውም።

ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ “በይ እኔ አባትሽ፣ ማሊያውን ስጪንና ሌላው ይደርሳል” አሉ። ባና ንካንዱ ማሊያው የሚሰጠው፣ ቡድኑ ቢሸነፍ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው የሚል ወረቀት ሲፈረም ብቻ መሆኑን፣ ወረቀቱ ካለ ብረቱን ከፈለጉ ወንዝ ሊጥሉት እንደሚችሉ ገለጹ። ማስፈራራት ነው ወይ ሲባሉ “አዎ” ብለዋል።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ተወስኗል።

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ የመስኮቱም ጭምር፣ ተሽሯል። ማሽኑ ዛሬውኑ እንዲለወጥ፣ በምትኩም አምስቱ የኮሚቴ አባላት እንዲቆሙ ሆኗል። የካሙቻንጋ ነብር እሑድ ቢሸነፍ ጥፋቱ የእነዚሁ የአምስቱ ነው፣ ደጋፊው መዝፈን ቢፈልግ አድራሻቸው ከዚህ በታች ሰፍሯል። ወረቀቱ ነገ ጠዋት በሜዳው በር ላይ ይለጠፋል።

አራቱ ፈርመዋል። ሊቀመንበሩ በእርሳስ መፈረም ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ባና ንካንዱ ከፀጉራቸው መሸፈኛ ውስጥ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጧቸው። ስብሰባው በ12፡20 ተበትኗል።