የፈረንሳዩ ሞተርና የእኔ ማብራሪያ

ሦስት ቪዲዮ አይቶ የጨረሰ አበሻ ወንድን ያህል አደገኛ ፍጡር በምድር ላይ የለም! አንደኛው ላይ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ላይ አማካሪ፤ ሦስተኛው ሲያልቅ... ፕሮፌሰር። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። ራሴ ነኝ።

እዚህ ካልጋሪ፣ ካናዳ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ባለችው አዳራሽ በማኅበራችን የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ «እውቀቱን የሚያካፍል ሰው ይፈለጋል» ሲባል እጄ ቀድሞኝ ወጣ።

«ስለ ምን?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስለተሠሩ የፈረንሳይ አውሮፕላን ሞተሮች!»

«...እኛ እንኳ ስለ ክረምት የበረዶ ጎማ የሚያስረዳን ነበር የፈለግነው» አለችኝ። ግን ሌላ እጅ አልወጣም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሞተሩ ሰበብ ነው። ልጄ ሄርሜላ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ስደውልላት «አባ፣ ኮል ባክ አደርጋለሁ» ትላለች፤ አትደውልም። በሞተር ብመጣባትስ ብዬ ነው። ደግሞ መጣች! ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጋሼ ርእሶም አጠገብ ተቀመጠች። ጋሼ ርእሶም ኤሪን ውድስ ሰፈር የሚኖሩ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው፤ ወደ ማኅበሩ በመኪናዬ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ዝምተኛ ናቸው... ይመስለኝ ነበር።

ጀመርኩ። «አሥራ አራት ሲሊንደር! ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ፣ ክብ ሠርተው የተደረደሩ! ቀላል! ቀጭን! ጉልበታም! ታዲያ ለምን ገበያ አላገኙም?» ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ምቀኝነት ነው ወገኖቼ! እንግሊዝ ቀንታ አሰናከለቻቸው!»

ይህን የትኛውም ቪዲዮ አላለም። እዚያው ቆሜ አፌ የፈጠረው ነው።

ሄርሜላ እጇን አነሳች። «አባ፣ ላይክ... የኋላዎቹ ሰባት እንዴት ነው ኩል የሚያደርጉት? የፊቶቹ አየሩን ብሎክ ያደርጉባቸዋል እኮ።»

«እ... ፈረንሳይ ብርድ አገር ነው» አልኩ።

ይህን የምለው ለማን ነው? በጥር ወር ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ መኪናውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክቶ ለሚያድር የካልጋሪ ሰው! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ይሄኔ ጋሼ ርእሶም ብድግ አሉ።

«ልጅቷ ልክ ናት። በወጣትነቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። በተማርንበት ወርክሾፕ እንዲህ ያለ አሮጌ የፈረንሳይ ሞተር ለመማሪያ ቆሞልን ነበር። ነፋሱን የፊተኞቹ ይወስዱታል፣ የኋለኞቹ ይጠበሳሉ። ቀጭን ነው እያልክ ታደንቃለህ፤ ቀጭን የሆነው እኮ ተጠባብቆ ነው። አየር በየት ይለፍ? ደግሞ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ የሚዞር አድርገው ሠሩት። ለአብራሪው ተመቸ። መካኒኩ ግን የግራውን መለዋወጫ ለቀኙ ልግጠምህ ቢለው እምቢ!»

«ታዲያ ለምን ፊክስ አላደረጉትም?» አለች ሄርሜላ።

«ጊዜ አጡ፣ ልጄ። ጦርነቱ መጣ፣ ጀርመን ፋብሪካዎቹን ያዘ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ዓለም ወደ ጄት ዞሯል። በቃ። ማንም አልቀናም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ እኔን ነው ያዩት።

ከዚያ በኋላ ሄርሜላ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በናፕኪን ላይ እየሣሉ ይመልሳሉ፣ ሰው ወንበሩን እየጎተተ ይጠጋል። እኔስ? ማይክ ያዥ ሆንኩላችሁ! እጄ ሲዝል አንድ ጊዜ ዝቅ ባደርገው «ከፍ አድርገው እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኩርፊያዬን መደበቅ አቃተኝ። «ጋሼ፣ ስንመጣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሞተሩ ሳወራልዎት ምነው ዝም አሉኝ?»

«መቼ ትንፋሽ ወሰድክና!» አሉ። ቀጥለው ግን ቀስ ብለው፣ «አራት ዓመት መኪናህ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን፣ ምን ሠርተው ያውቃሉ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኩም። ይባስ ብዬ ባለፈው ክረምት የሞተር ዘይት እንዴት እንደሚለካ አሳይቻቸዋለሁ! አመስግነውኝ ነበር እኮ...

እንግዲህ ጠየቅኩ። በራቸው ላይ ደርሰን መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እሳቸው አወሩ፣ እኔ አዳመጥኩ። በፍርስራሽ ሞተር ላይ ነፍስ ሲዘሩ የኖሩ ሰው ናቸው ለካ!

ሰኞ ስልኬ ጮኸ። ሄርሜላ! ራሷ!

«አባ፣ የጋሼን ነምበር ቴክስት አድርግልኝ፤ ቅዳሜ ፕሮጀክቴን ላሳያቸው ነው።»

«እኔስ?»

«አንተም ና። ግን ፕሊስ አባ... እንዳታብራራ!»